በጣና ዳር ያስያዙኝ ቆርቆሮ

የኔታ ጥሩነህ የበደሉኝ ጣሊያን ቡሬ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው። ቦታው የጣና ዳር ነው። ሌላ ጊዜም በድለውኝ ይሆናል፤ እኔ የያዝኩት ግን ይህንን ነው።

ባለፈው ወር ሞተዋል። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው፣ በአልጋቸው ላይ፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው ነው የሞቱት። ለቀብራቸው የመጣው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተርፎ መንገዱን ዘግቶት ነበር አሉ። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ አልሄድኩም። ጉልበቴን የሚያመኝ እውነት ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ለአርባቸው የሚታደል ትንሽ የመታሰቢያ መጽሐፍ ሊያዘጋጁ አስበዋል። ሁለት መምህራን ከፍኖተ ሰላም መጥተው ቤቴ ተቀመጡና፣ «እማማ ስመኝ፣ የኔታ ካስተማሯቸው ሴቶች የመጀመሪያዋ እርስዎ ነዎት ይባላል። ስለ እሳቸው የማይረሱትን ይጻፉልን» አሉኝ። የማይረሱትን ነው ያሉኝ። መልካሙን ብቻ አላሉኝም። ስለዚህ እጽፋለሁ። ያትሙት አያትሙት የእነሱ ጉዳይ ነው። አንቱታቸውን ግን አልነሳቸውም፤ አስተማሪዬ ነበሩ።

የኔታ ጥሩነህ አጭር፣ አንገተ ቀጭን ሰው ነበሩ። እግራቸው ከሰውነታቸው ጋር ሲተያይ ትንሽ ሲሆን፣ ጫማቸው ግን የጣሊያን ወታደር ቡትስ ነበር። ስለሚሰፋቸው ጫፉን ጭድ ይሞሉበታል። ሲራመዱ ጭዱ ይንኮሻኮሻል። ትምህርት ቤት ውስጥ ስንንጫጫ ከኋላችን መድረሳቸውን የምናውቀው በዚያ ድምፅ ነው። ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ ይይዙ ነበር። በጥር ፀሐይ ዘርግተው ሲሄዱ ያየ ሰው፣ «የኔታ፣ ዝናብ አለ እንዴ?» ሲላቸው፣ «ከሰው ዓይን የሚያስጥል ነገር በበጋም ያስፈልጋል» ይላሉ።

ደብተራ ናቸው። ቅኔውንም ዜማውንም እዚሁ ጎጃም ተምረው፣ ከዚያ ማንም ባላወቀው ምክንያት አሥመራ ሄደው ስድስት ዓመት ቆይተው፣ ጣልያንኛ ችለው ተመለሱ። ጣሊያን ሲመጣ አስተርጓሚም አስተማሪም አደረጋቸው። ለጠላት አደሩ ብሎ የሚያማቸው ሞልቷል። እኔ በዚያ አልከሳቸውም። አባቴም አድረዋል።

ሲያስተረጉሙ ማየት ነበር! የቡሬው የጣሊያን ካፒቴን በገበያ ቀን ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ እጁን እያወናጨፈ፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይናገራል። የኔታ ጃንጥላቸውን ተደግፈው በጽሞና ያዳምጡና ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ሮማ ትልቅ ናት ይላል። ግብይታችሁን ቀጥሉ» ይላሉ። አንድ ጊዜ ካፒቴኑ ተጠራጥሮ፣ ያን ሁሉ የተናገርኩት በዚህች ብቻ ነው ወይ ቢላቸው፣ «አማርኛ አጭር ቋንቋ ነው፣ ጌታዬ» ብለው መለሱለት። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ሲነግሩን ግን አልሳቁም። የኔታ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ሌላውን አስቀው ፊታቸውን እንደ ዘጋ ቤት ያደርጉታል።

ማስተማር ያውቁ ነበር። ይህን አልክድም። ሴት ናት ብለው አላለፉኝም። ስሳሳት ከወንዶቹ እኩል ይቆነጥጡኝ ነበር። ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበራቸው፤ «ያየሽውን ጻፊ። የሰማሽውን ለሌላ ሰው ተይለት።»

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁበት ምክንያት እንዲህ ነው። አባቴ ግራዝማች ውበቱ የቡሬ ዙሪያ ሹም ነበሩ። ባላምባራስ ካሴ ደግሞ የወጀት ሹም ነበሩ፤ ወጀት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የሚባለው ነው። ሁለቱ በአንድ የግጦሽ መሬት ተጣልተው ስምንት ዓመት ተኳርፈዋል። ካፒቴኑ ሊያስታርቃቸው ሞክሮ ሲያቅተው ልጆቻቸውን አለዋወጠ። እኔ ወጀት ባላምባራስ ቤት ሄድኩ፤ የባላምባራስ ልጅ ብርቄ ቡሬ እኛ ቤት መጣች። «ይማሩ፣ ይተዋወቁ» ነው ያለው። አባቴ ቢሸፍቱ እኔ በእጁ አለሁ፤ ባላምባራስ ቢሸፍቱ ብርቄ አለች። በወጀትም በቡሬም አንድ አንድ የሣር ክዳን ትምህርት ቤት ነበር፤ የኔታ በበቅሎ እየተመላለሱ ሁለት ቀን እኛን፣ ሦስት ቀን እነሱን ያስተምራሉ። ዛሬ የልጅ ልጄ በትምህርት ልውውጥ ውጭ አገር ልትሄድ ነው ሲሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኳቸው። በምትኳ ማን ይመጣል?

ወደ ወጀት ከመሄዴ በፊት ታጭቻለሁ። እጮኛዬ ዲያቆን ምናለ፣ የቡሬው የቄስ አላምረው ልጅ ነው። ከሠርጉ በኋላ ቅስና ሊቀበል ነው። ለቅስና የታሰበ ዲያቆን የሚያገባት ልጅ በምንም ነገር ስሟ የማይነሳ መሆን አለባት፤ አንድ ነገር ከተነሳ እሱ ወይ ቅስናውን ያጣል ወይም እሷን ይተዋል። ይህን አገሩ በሙሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ምናለን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። በሁለተኛው፣ ከፊቴ ሲሄድ መንገዱ ላይ የወደቀ የግራር እሾህ አየና ቆሞ በበትሩ ወደ ዳር ገፋው። ከኋላው እኔ እንዳለሁ ያውቃል። ዞሮ አላየኝም። ሄደ። ከዚህ ሌላ ስለ እሱ የምለው የለኝም። በቂ ነበር።

በዚያ ጥቅምት ካፒቴኑ የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ጣናን ሊያሳይ ተነሳ። ለአለቆቹ የሚልከው ፎቶግራፍ ፈልጎ ነው። ስምንት ነበርን፤ ስድስት ወንዶች፣ እኔና ብርቄ። የወታደሩ ካሚዮን እኛን ከወጀት አምጥቶ ቡሬ ላይ ሌሎቹን ሲጭን አባቴ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። አንዲት ከረጢት ዳቦ ቆሎ ሰጡኝና በጆሮዬ፣

«ስመኝ፣ የእነሱን ሥጋ እንዳትነኪ» አሉኝ።

«አልነካም።»

«ቢያስገድዱሽስ?»

«አፌን እገጥማለሁ።»

«ቄስ አላምረው እየጠበቁ ነው። ከጥምቀት በኋላ ነው ሠርጉ» አሉና ወደ ኋላ ሄዱ።

ለወጣት አንባቢ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር የሌላ ሃይማኖት ሰው ያረደውን ሥጋ የበላ ክርስቲያን ሃይማኖቱን እንዳፈረሰ ይቆጠራል። የሚመለሰው ቄደር ሲጠመቅ ነው፤ ቄደር የካደ ሰው የሚመለስበት ጥምቀት ነው። ቄደር የተጠመቀች ልጅ ልታገባ ትችላለች። ቄስ ግን አያገባትም።

ዳንግላ አድረን በማግስቱ ማለዳ ባሕር ዳር ገባን። ብርቄ መንገዱን በሙሉ ስታስታውክ ነው የመጣችው፤ አብዛኛው እኔ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከካሚዮኑ ዘለን ወረድን። ያን ያህል ውሃ በአንድ ቦታ ተቀምጦ አይተን አናውቅም። ከወንዶቹ አንዱ፣

«የኔታ፣ ይህ ሁሉ የማን ነው?» አለ።

ሌላው ካፒቴኑን እያየ፣ «የጣሊያን ነዋ!» አለ።

የኔታ ጃንጥላቸውን ዘረጉና ውሃውን ረጅም ጊዜ አዩት። «እሱ ራሱ ሰምቷል?» አሉ።

በሞተር ጀልባ ወደ ክብራን ገዳም ወሰዱን። ወደቡ ላይ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ቆመው ጠበቁን። ወንዶቹን ቆጥረው አስገቡና እኔና ብርቄ ጋ ሲደርሱ መቋሚያቸውን አጋደሙ።

«ሴት አትገባም።»

ካፒቴኑ ተቆጣ። ሴቶቹን ከገዳሙ በር ላይ ፎቶግራፍ ሊያነሳ አስቦ ነበር። የኔታ ቁጣውን ለመነኩሴው አስተረጎሙላቸው።

«ትናንት ገብታለች?» አሉ መነኩሴው። «ከትናንት በስቲያስ? እኔ ብቻዬን ልጀምረው?»

የኔታ ለካፒቴኑ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ተወው። ቀጥለው መነኩሴው ወደ ካፒቴኑ ጫማ ጠቆሙ። ጫማ ሳያወልቅ አይገባም ማለታቸው ነው። ካፒቴኑ ደግሞ በሀበሻ ፊት ጫማ የሚያወልቅ ሰው አልነበረም። የኔታ በጣልያንኛ ጥቂት ተናገሩት። ወዲያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማሰሪያውን ይፈታ ጀመር። በኋላ ምን እንዳሉት ወንዶቹ ሲጠይቋቸው፣ «በባዶ እግር እንዲገባ የሚፈቀድለት ጄኔራል ብቻ ነው፤ ለአንተ ግን ልለምንልህ አልኩት» አሉ። እሳቸውም ቡትሳቸውን ሲያወልቁ ጭዱ ወደቡ ላይ ተዘረገፈ። መነኩሴው ጭዱን አዩና፣ «በቅሎዋ የት አለች?» አሉ። ካፒቴኑ እንኳ ምን እንደተባለ ሳይገባው ሳቀ። የኔታ አልሳቁም።

ወንዶቹ ገብተው የብራና መጻሕፍት፣ ሥዕልና ከበሮ አይተው ተመለሱ። ታሪካዊ ቦታ ማየት ለእኔ ጀልባ ውስጥ መቀመጥ ነበር። በዛፎቹ መካከል የክዳኑ ጫፍ ይታያል። እሱን አይቻለሁ። ብርቄ ደግሞ አስታወከች።

ምሳ የበላነው ከደሴቱ ተመልሰን፣ ሐይቁ ዳር፣ አንዲት ዋርካ ሥር ነው። ወታደሮቹ ሣጥን ከፍተው ብስኩትና የቆርቆሮ ሥጋ አደሉን። ብስኩቱን ሁላችንም ተቀበልን፤ ብስኩት አይታረድም። ቆርቆሮውን ግን ማንም አልነካ። መሬት ላይ አስቀምጠነው ክብ ሠርተን አየነው።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ይፈለፈላል?» አሉ የኔታ።

«ሥጋ ነው፣ የኔታ» አለ ትልቁ ልጅ።

«ሲታረድ አይተሃል?»

«ኧረ አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። ካፒቴኑም አላየም። ማንም አላየም። ይህ ሥጋ ከቆርቆሮ ውስጥ ነው የተገኘ። ቆርቆሮ ደግሞ በሬ አይደለም። አንገቱ የታለ? ቢላው የት አረፈ?»

ልጆቹ ተያዩ። ነገሩ ልክ ይመስላል። ትልቁ ልጅ ትንሽ አሰበና፣ «አንቱ ከበሉ እንበላለን» አለ።

የኔታ ከመካከላችን አንድ የተከፈተ ቆርቆሮ ከነማንኪያው አንስተው ወደ ዋርካው ሌላ ወገን ሄዱ። ወንዶቹ ወደ ውሃው ወረዱ። ብርቄ ሆዷን ይዛ ከግንዱ ሥር ተኝታለች። እኔ የቀረችኝን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምኩ ከግንዱ ጎን ዞር ስል የኔታን አየኋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጃንጥላውን ከሰው በኩል አጋድመው፣ ይበላሉ። ቀስ ብለው አይደለም። ሥጋ ከበሉ ዓመት የሆናቸው ይመስሉ ነበር። የደብተራ ቤት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ የጣሊያን ደመወዝ ደግሞ የሚመጣው ሲመጣ ነው። በመብላታቸው አልተቀየምኳቸውም። ይህ ይታወቅልኝ።

በዚህ መሐል ካፒቴኑ ካሜራውን ይዞ ከውሃው በኩል መጣ። ጃንጥላው ወደ እኛ ስለተጋደመ ከእሱ አልከለላቸውም። የኔታ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ሁለት እርምጃ ተራምደው ቆርቆሮውን በግራ እጄ፣ ማንኪያውን በቀኝ እጄ አደረጉና፣

«ያዥልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

አስተማሪዬ ናቸው። ያዝኩላቸው። ካፒቴኑ አነሳኝ። የኔታ በዚያን ጊዜ ሐይቁን እያዩ ነበር። ካፒቴኑ ሄዶ ሲጨርስ ቆርቆሮውን ልመልስላቸው እጄን ዘረጋሁ። «ጣይው» አሉኝ። በአፋቸው ዳር ቅባት ነበር።

ከስድስት ሳምንት በኋላ በገበያ ቀን፣ ቡሬ የጣሊያኑ መሥሪያ ቤት በር ላይ፣ ሰሌዳ ቆመ። አሥር ያህል ፎቶግራፎች ተለጥፈውበታል። ገበሬው ፎቶግራፍ አይቶ ስለማያውቅ በግ የሚሸጠው በጉን እየጎተተ ሊያይ ይመጣል። እኔ ከመካከል ነኝ። በአንድ እጄ ቆርቆሮ፣ በሌላው ማንኪያ፤ አፌ ዳቦ ቆሎ ስለያዘ ጉንጬ አብጧል። ከሥሩ በጥሩ የቁም ጽሕፈት፣ «ተማሪዋ በጣና ዳር ሥጋ ስትበላ» ይላል። ጽሕፈቱ የየኔታ ነው። የእጅ ጽሕፈታቸው በጣም ያምር ነበር።

አባቴ በበቅሎ መጥተው ከወጀት ወሰዱኝ። ቤት ስንደርስ ብቻ፣ «በላሽ?» አሉኝ።

«አልበላሁም።»

«ታዲያ ቆርቆሮው?»

«የየኔታ ነው። ያዥልኝ ብለውኝ ነው።»

አባቴ አመኑኝ። እሳቸውን የምወቅስበት ብዙ አለኝ፤ በዚያች ሰዓት ግን አመኑኝ። «እንግዲያ የኔታ ይመስክሩ» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከወይራው ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። ቄስ አላምረው አሉ፣ አባቴ አሉ፣ የነፍስ አባታችን አባ ተገኝ አሉ። ምናለ ከአባቱ ኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። መጀመሪያ ብርቄ ተጠየቀች። «ተኝቼ ነበር፣ አላየሁም» አለች። ግማሹ እውነት ነው። አልፈርድባትም። እፈርድባታለሁ፤ ግን ይህ ጽሑፍ ስለ እሷ አይደለም።

ቀጥሎ የኔታ ተነሱ። አባ ተገኝ፣

«የኔታ፣ አንቱ የተማሩ ሰው ነዎት። ይህ ፎቶግራፍ የሚሉት ነገር ይዋሻል?» አሉ።

«ፎቶግራፍ አንደበት የለውም። ፊቱ የቆመውን ያሳያል።»

«እንግዲያ በልታለች?»

«እኔ ዓይኔ ወደ ሐይቁ ነበር።»

«ቆርቆሮው የማን ነበር?» አሉ አባቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

የኔታ እኔን አዩኝ። ያን አተያይ አውቀዋለሁ፤ ሳነብ ቆም ያልኩ እንደሆነ ቀጥይ የሚሉበት ነው። እኔ ልቀጥልላቸው የምችለው ነገር አልነበረም። ቢናገሩ ከማኅሌት ይወጣሉ። በቡሬ ማኅሌት ከመሪ ጌታው ቀጥሎ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ከወጡ የሚቀራቸው ጣሊያን ብቻ ነው።

«የካፒቴኑ ነበር» አሉ። «ሁሉም የካፒቴኑ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ዘመን ይህን የሚቃወም ሰው አልነበረም።

አባ ተገኝ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ቄደር ተጠመቂና ነገሩ ይለቅ። ሁለተኛ ማንም አያነሳብሽም» አሉኝ።

«አልበላሁም፣ አባ።»

«ካልበላሽ ምን ይጎዳሻል? ውሃ እኮ ነው።»

«ውሃ ብቻ ከሆነ ለምን እጠመቃለሁ?»

«ኧረ አንቺ ልጅ!» አሉ ቄስ አላምረው። «ለሽማግሌ እንዲህ ይመለሳል?»

ከወይራው ሥር ጉርምርምታ ሆነ። ብጠመቅ በላሁ ማለቴ ነው፤ ምናለም ይቀራል። ባልጠመቅ ከቤተ ክርስቲያን እቀራለሁ፤ ምናለም ያው ይቀራል። በሁለቱም ከቀረ ያልበላሁትን በላሁ አልልም አልኩ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ዛሬም ብጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ምናለ አንድ ጊዜ ቀና አለ። የሚናገር መሰለኝ። አባቱ ክንዱን ያዙትና ሄዱ። በጥር ሌላ ልጅ አገባ። ስሟን አልጽፍም፤ ምንም አላደረገችኝም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን የውጭ በር አላለፍኩም። ሰው ቅዳሴ ሲገባ እኔ ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ። ዝናብ ሲሆን እርሳለሁ። ልጆች ከአጥሩ ላይ፣ «ቆርቆሮ! ቆርቆሮ!» ይሉኝ ነበር። የኔታ ማኅሌት ቆመው ድምፃቸው እስከ ውጭ ይሰማ ነበር። ድምፃቸው ጥሩ ነበር።

ይህንንም መጻፍ አለብኝ። አገሩ ተነስቶ ሰው ጫካ በገባበት ጊዜ፣ ከአርበኞች ለአባቴ የተላከ ደብዳቤ በጣሊያን ወታደር እጅ ወደቀ። ካፒቴኑ ተዛውሮ ሌላ መጥቶ ነበር፤ እኔ ቡሬ እንደቀረሁ ነኝ፣ ብርቄም ወደ ቤቷ ተመልሳለች። አዲሱ ካፒቴን አባቴን አሥሮ አቁሞ ደብዳቤውን ለየኔታ ሰጣቸው። ደብዳቤው ጥይትና እህል እንዲልኩ፣ የሚልኩበትንም ቦታ የሚገልጽ ነው። አባቴ በኋላ እንደነገሩን፣ የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና ለካፒቴኑ አስተረጎሙ። ዘመድ ነው፤ ለልጁ ሠርግ አንድ ወይፈንና ሁለት ጫን ጌሾ ይለምናል አሉ። ካፒቴኑ፣ እንዲህ ላለ ነገር ለምን በጫካ ይልካል ብሎ ጠየቃቸው። «ድሃ ነው፤ በመንገድ ለመለመን ያፍራል» አሉት። አባቴን ለቀቋቸው። ቢታወቅ ኖሮ የኔታ በዚያው ቀን ይሰቀሉ ነበር።

አባቴ ማታውን ቤት ገብተው ተቀመጡና፣ «እኒህ ሰው ነፍሴን ሰጡኝ። አንቺም ነገሩን ተይላቸው። ተጠመቂና ይለቅ» አሉኝ።

«አንቱን ስላዳኑ እግዜር ይስጣቸው» አልኩ። «እኔ ግን አልበላሁም።»

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ለአባቴ አንገታቸውን ሰጥተዋል። ከእኔ ግን አንዲት ቆርቆሮ አልተቀበሉኝም። አንድ ሰው ትልቁን ችሎ ትንሹን እንዴት እንደሚያቅተው አላውቅም። ሊቃውንት ያስረዱ።

በሦስተኛው ዓመት የጊዮርጊስ ዕለት ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሳለሁ የኔታ ወጥተው ወደ እኔ መጡ። ጭዱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ አልዞርኩም።

«ስመኝ።»

«አቤት፣ የኔታ።»

«እስከ መቼ ነው?»

«አንቱ ተጠመቁ?»

ዙሪያቸውን አዩ። ሰው የለም። «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

የተናገሩት እንደ ሹፈት አልነበረም። እውነቱን ነው። ቢጠየቁ ይናገሩ እንደነበር የሚያምኑ ይመስላሉ። ፊታቸው አርጅቶ ነበር። «አንቺ የምትናገሪው እውነት መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ይህ አይበቃሽም?» አሉኝ።

«ለእኔ ሳይሆን ለአባ ተገኝ ይንገሯቸው።»

«የልጆቼ እንጀራ ከዚያ ማኅሌት ነው» አሉና ተመልሰው ገቡ።

ያን ጊዜ ነው የወሰንኩት።

ቡሬ ገበያ ዳር ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ ሙስሊም ጎረቤት ነበሩን፤ ባላቸው ጨው ይነግዳሉ። በአረፋ ዕለት ክርስቲያኑንም ይጠራሉ። ለክርስቲያን የሚሆነውን በግ ክርስቲያን ጠርተው ያሳርዱና በሌላ ድስት ይሠሩለታል፤ ገበታውም ለብቻው ነው። በዚያ ዓመትም ጠሩ። የጾም ቀን አልነበረም። በክርስቲያኑ ገበታ ቄሶቹ አልነበሩም፤ የኔታ ግን ነበሩ። እኔን ሲያዩ እንድቀመጥ ፈቀቅ አሉልኝ።

አልተቀመጥኩም። ወደ ሙስሊሞቹ ገበታ ሄጄ ከሴቶቹ መካከል ገባሁ።

«ልጄ፣ ተሳስተሻል፤ የእናንተ በዚያ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ።

«አልተሳሳትኩም። ከዚህ ነው የምበላው።»

«ወየው! ነገ እኔን ይሉኛል! አሳስታ አበላቻት ይሉኛል!»

«ለምኜ በላሁ እላለሁ። ሁሉም ይስማ።»

ሴቶቹ ቦታ ሰጡኝ። አንዷ አሮጊት፣ «ተያት፣ ርቧት ይሆናል» አለች። አልራበኝም ነበር። እጄን ታጥቤ ቆርሼ በላሁ። ሥጋውን ለይቼ ነው የበላሁት፤ ሦስት ጊዜ። ቅመሙ ጥሩ ነበር። ሁሉም አዩኝ። ስጨርስ ተነስቼ የኔታ ፊት ቆምኩ።

«አዩ?»

«አየሁ» አሉ። የያዙትን እንጀራ አስቀምጠዋል።

«ዓይንዎ ወደ ሌላ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያ ይመስክሩ።»

እሑድ አባ ተገኝ ዘንድ ሄጄ፣ በአረፋ ዕለት ሙስሊም ያረደውን ሥጋ መብላቴን ተናገርኩ። «የጣናውስ?» አሉኝ። «የጣናውን አልበላሁም» አልኩ። የኔታ ተጠርተው መጡ። የአረፋውን በዓይኔ አይቻለሁ ብለው መሰከሩ። ስለ ጣናው ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አልተናገሩም።

ቀኖናዬን ጨርሼ ቄደር ተጠመቅሁ። አባ ተገኝ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ያጠመቁኝ ቄስ ምናለ ናቸው። ከመጽሐፉ ላይ ቀና አላሉም። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። በዚያው ቀን የውጭውን በር አልፌ ገባሁ።

ጣሊያን ከቡሬ በወጣ በዓመቱ አንድ የበርበሬ ነጋዴ አገባሁ። አምስት ልጆች ወለድኩ። በአገሩ ካለው አስተማሪ ሁሉ የሚሻሉት የኔታ ጥሩነህ ነበሩ። ልጆቼን ፊደል ያስቆጠርኳቸው ግን እኔ ነኝ።